ጫጉላ በዛንዚባር ዝናብ፦ ጋቢው ይቅር፣ ነጠላው ይግባ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሥራዬ እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ከፋሲካ በፊት ያሉት ሳምንታት ለእኔ ፋታ የላቸውም። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለ፣ ሙሽሮች ሁሉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያሉትን ቀናት ይሻማሉ። ልብሱን በጾሙ ያሰፉና ሚያዝያ ወይ ግንቦት ላይ ይሞሸራሉ።

ዘንድሮ ለልክ የሚመጡት ሴቶች ከቀሚሳቸው እኩል አንድ ነገር ይጠይቁኛል። «ዛንዚባር ሄደሽ ነበር አሉ። አሁን ዝናብ ነው ይባላል፤ ምን ይዘን እንሂድ?» አዎ፣ አምና በግንቦት እኔና ባለቤቴ ጫጉላችንን እዚያ አሳልፈናል። ሜትር ይዤ በቆምኩበት ተናግሬ የምጨርሰው ነገር ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ስለ ጊዜው። የታንዛኒያ ደሴት የሆነችው ዛንዚባር በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ ታገኛለች። ትልቁን ማሲካ ይሉታል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይቆያል፣ ሚያዝያ ላይ ይበረታል። ትንሹ ቩሊ ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ ገደማ እስከ ታኅሣሥ። በጥር የሚያገቡ ሰዎች ደረቁ ወቅት ላይ ይደርሳሉ፤ በዚያው ልክ የሆቴሉ ዋጋ ሰማይ የሚነካበት ጊዜ ነው። ከፋሲካ በኋላ የምናገባ ግን ቀጥታ ማሲካ ላይ ነው የምናርፈው። ይህን ሲሰሙ ጉዞውን የሚሰርዙ አሉ። እባካችሁ አትሰርዙ። ዋጋው ረከስ ይላል። ዳርቻው ላይ ሰው አይበዛም። ዛፉ ሁሉ ለምልሞ ነው የሚጠብቃችሁ። ዝናቡም ብዙ ጊዜ ዶፉን ያወርድና ያባራል፣ ፀሐይ ትወጣለች። ቀኑን ሙሉ የሚያካፋበት ጊዜ አለ፤ እሱንም ማሳለፊያ መንገድ አለው፣ እመጣበታለሁ።

ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው። እኛ ዝናብ ሲባል የሚታየን ብርድ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ሐምሌ ላይ ሲዘንብ ሹራብ እንደርባለን፣ ማታ ጋቢ እንለብሳለን። እናቴም ያንን አስባ ሻንጣዬ ላይ ጋቢ አጣጥፋ አስቀመጠች። «ልጄ፣ ዝናብ አገር ነው የምትሄጂው፤ ብርድ እንዳይመታሽ» አለችኝ። ዛንዚባር ግን ከባሕሩ ጋር እኩል የተዘረጋች ደሴት ናት። በማሲካ ሌሊት እንኳ ከ20 ዲግሪ በታች አይወርድም ማለት ይቻላል። የከተማችንን የሚያዝያ ወበቅ አስቡት፤ በላዩ ላይ ዝናብ ጨምሩበት። የምትዘጋጁት ለዚያ ነው፤ ለወበቅና ለእርጥበት።

ስለዚህ ጋቢው፣ ሹራቡና ወፍራሙ ጃኬት ቤት ይቅሩ። ለአውሮፕላኑ አንድ ስስ ሹራብ ይበቃል።

ስለ ጨርቅ ትንሽ ልዘርዝር፤ የማውቀው ነገር ስለሆነ። እርጥበት አገር ላይ ጥያቄው «ይሞቃል ወይ?» አይደለም፤ «ስንት ሰዓት ይፈጅበታል ለመድረቅ?» ነው። አየሩ ራሱ ውሃ የጠገበ ነው። የታጠበ ልብስ ባለበት ይቀራል፣ ላብም ከገላ ላይ ቶሎ አይተንም። ጂንስ አንዴ ዝናብ ከነካው አለቀ፤ ወገቡና ኪሱ አካባቢ እንደራሰ ሰንብቶ መሽተት ይጀምራል። ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፤ ግን ገላ ላይ ይጣበቃል፣ ላብ ያሸታል። የሚሻለው ስስ ጥጥ ወይም ሊነን ነው፤ ያውም ሰፋ ተደርጎ የተሰፋ፣ አየር የሚያስገባ። ልብሱ ገበር ካለው ገበሩን አስወጡት። ሁለት ድርብ ጨርቅ በዚያ ወበቅ መሸከም አያስፈልግም፤ ሲረጥብም መሃሉ አይደርቅም። እኔ ለዘንድሮ ሙሽሮች የምሰፋው ከጉልበት የወረደ፣ እጅጌው ሰፊ፣ ኪስ ያለው ቀሚስ ነው። ቀለሙን ደግሞ ጠቆር ወይም ደመቅ ያለ አድርጉት። ነጭ ስስ ጥጥ ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚሆን የምታውቁት ነው።

የውስጥ ልብስ ከምታስቡት በላይ ያዙ፤ ማታ አጥቦ ጠዋት መልበስ እዚያ አይሠራም። የዋና ልብስ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይለበሳል። የቆዳ ጫማ፣ የቆዳ ቀበቶ፣ የቆዳ ቦርሳ ይቅር። ቁም ሣጥን ውስጥ ጥቂት ቀን ካደረ ሻጋታ ያወጣል።

ነጠላ ግን ያለ ነጠላ እንዳትሄዱ። ጥለቱ ስስ የሆነ፣ የዘወትር ነጠላ። የእኔን አምና በአንድ ቀን ውስጥ ምን ምን እንዳደረግሁበት ልንገራችሁ። ጠዋት ስቶን ታውን የሚሉት አሮጌው ከተማ ስንገባ ትከሻዬን ሸፈንኩበት። አገሬው አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ከተማው ውስጥ ትከሻና ጉልበት ሸፍኖ መሄድ ወግ ነው፣ ለእኛም አይከብድም። ቀትር ላይ ፀሐይ ስትበረታ ራሴ ላይ ጣልኩት። ጀልባ ላይ ዝናብ ሲያገኘን ስልኮቻችንንና ፓስፖርቱን ጠቀለልኩበት። ጨምቄው ማታ ከቬንትሌተሩ ሥር ወንበር ላይ ዘረጋሁት፤ ጠዋት ሳነሳው ከጥለቱ በቀር ደርቆ ነበር። የፎጣ ነገር እንዲህ አይሆንም። የእጅ ሥራ ነጠላ ድርና ማጉ ላላ ያለ ስለሆነ አየር ያልፍበታል፤ ምስጢሩ እሱ ነው።

ለጫማ የምመክረው ኮንጎ ጫማ ነው። ገበያ ላይ የምናውቀው፣ ገጠር የሚለበሰው ፕላስቲክ። ባሕሩ ሲሸሽ የሚራመዱበት መሬት ድንጋይና ኮራል አለበት። ጃርት የሚመስል እሾሃም ጥቁር ፍጥረትም አለ፤ እሾሁ እግር ውስጥ ከገባ ተሰብሮ ይቀራል፣ ያማል። ነጠላ ጫማ እግርን አይሸፍንም፣ ውሃ ውስጥም ይወልቃል። ኮንጎ ጫማ ሙሉ እግር ይሸፍናል፣ ውሃውን ያፈሳል፣ ጠረግ ሲያደርጉት ይደርቃል። የባሕር ጫማ እየተባለ ለቱሪስት የሚሸጠው በዋጋ ይለያል እንጂ ሥራው ያው ነው።

ሴቶች፣ ጸጉራችሁን ሹሩባ ተሠሩ። ለሠርጉ በካስክ የተሠራ ጸጉር ከቅልቅል በኋላ ፈትታችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሹሩባ። በዚያ እርጥበት የተተኮሰ ጸጉር አይቆምም፤ ጨዋማው ውሃም አለ። ቀጭን ሹሩባ የባሕሩንም የዝናቡንም ነገር ይችለዋል።

አሁን ስለ ባሕሩ። ሻንጣው ተሸክፎ ቢያልቅም እቅዱ የሚበላሸው በዚህ ነው። ጣና ዳር ላደግን ሰዎች ውሃ ባለበት የሚገኝ ነገር ነው። ክረምቱ ሲያልፍ መስከረም ላይ ሞልቶ ታዩታላችሁ፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ጎድሎ ዳርቻው ይሰፋል። ጣና በዓመት አንዴ የሚያደርገውን የሕንድ ውቅያኖስ በቀን ሁለቴ ያደርገዋል። ጃምቢያኒ በምትባል የምሥራቅ ጠረፍ መንደር ነበር ያረፍነው። ጠዋት ውሃው የሆቴሉ ደረጃ ሥር ደርሶ ነበር። ምሳ በልተን ስንወጣ ባሕሩ የለም። እርጥብ አሸዋ ብቻ፤ ሞገዱ ሩቅ፣ ኮራሉ ጋ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። በዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ሴቶች ተበትነው ይሠራሉ። አሸዋው ላይ ችካል ተክለው በችካሎቹ መሃል ገመድ ወጥረዋል፤ ገመዱ ላይ የባሕር ሣር ያሳድጋሉ። ካንጋ የሚሉትን ስስ ጨርቅ ከወገባቸው አስረው፣ ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሣሩን እየፈቱ ጆንያ ውስጥ ይከታሉ። ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ ለመዋቢያ ቅባትና ለምግብ ማወፈሪያ ይውላል። ውሃው ሲመለስ ሥራው ያበቃል። ዝናብ መጣ ብለው ሲሸሹ አላየሁም፤ የሚያዩት የባሕሩን ሰዓት ነው።

እናንተም ቀናችሁን በባሕሩ ሰዓት አቅዱ። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ በየቀኑ ደግሞ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ዛሬ ጠዋት በአራት ሰዓት ከሞላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ ሸሽቶ ታገኙታላችሁ፤ ነገ ሙላቱ ወደ አምስት ሰዓት ይጠጋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሙላቱም ጉድለቱም ይብሳል። የሚሞላበትን ሰዓት ሆቴላችሁን ጠይቁ፤ ኢንተርኔት ላይም ለየቀኑ ይገኛል። ፓጄና ጃምቢያኒ ባሉበት ምሥራቅ ባሕሩ በጣም ይሸሻል። ሰሜን ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ብዙም ስለማይርቅ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል። መዋኘት ብቻ የምትፈልጉ ሰሜኑን ምረጡ። እኔ ግን ምሥራቁን እመርጣለሁ፤ ያንን የሚመጣና የሚሄድ ውሃ ማየት ብቻውን ለጉዞው ይበቃል።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ደስ ያለኝ ነገር። እነሱም እንደ እኛ ነው የሚቆጥሩት። ፀሐይ ስትወጣ ቀኑ ይጀምራል፤ ለፈረንጅ ሰባት የሆነው ለእነሱም ለእኛም አንድ ሰዓት ነው። ጀልበኛው በስዋሂሊ ሰዓት ሲነግራችሁ የእኛው ሰዓት ነው፤ የሆቴሉ ወረቀት ላይ ያለው ደግሞ የፈረንጁ ነው። በእንግሊዝኛ ቀጠሮ ስትይዙ የትኛው እንደሆነ ደግማችሁ ጠይቁ፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው። ሰዓታችሁን ግን መቀየር አያስፈልግም፤ የአዲስ አበባና የዛንዚባር ሰዓት እኩል ነው።

ሐይቅ ዳር አድገን ዋና የማንችል ብዙ ነን። ጣና ውስጥ ቢልሃርዚያ ስላለ ቤተሰብም «አትግቡ» እያለ ነው ያሳደገን። ስለዚህ ጀልባ ላይ ስትወጡ የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳይሰጣችሁ አትነሡ፤ ሳታፍሩ ጠይቁ። በማሲካ ባሕሩ የሚናወጥበት ቀን አለ። ጀልበኛው «ዛሬ አይሆንም» ካለ አመስግኑት እንጂ ብር ጨምራችሁ አትለምኑት። ለዚህም ነው የጀልባ ጉዞውን ለመጨረሻው ቀን ማቆየት የማይገባው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያዙት፣ ከተሰረዘ ሌላ ቀን ይኖራችኋል። ከከባድ ዝናብ በኋላ ከተማው አጠገብ አትዋኙ፤ ጎርፉ የመንገዱን ቆሻሻ ይዞ ነው የሚገባው።

የምግቡ ነገር ደግሞ ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን ራሱን የቻለ ዝግጅት ነው። ጥሩው ዜና፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ኀምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም የማይጾምባቸው ናቸው። ሠርጋችሁ ወደ ግንቦት መጨረሻ የሚገፋ ከሆነ ግን የሐዋርያት ጾም መቼ እንደሚገባ ባሕረ ሐሳቡን አይታችሁ ቀን ቁረጡ። ሥጋው የእስላም ነው። እንደ እኔ የክርስቲያን ሥጋ ካልሆነ የማትበሉ ዓሣ ላይ ትበረታላችሁ፤ የጣና ሰው ደግሞ ለዓሣ ማን ብሎት። በኮኮናት ወተት የተሠራው ዓሣ ቀረሶ ለለመደ አፍ አይከብድም። ሽሪምፕና ኦክቶፐስ በየሜኑው አለ፤ ቅርፊት ስለሌለው አምባዛ የማትበሉ ይሄንንም አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ድስቱን ይለዩላችኋል። ባቄላ በኮኮናት፣ ሩዝ፣ ቻፓቲ፣ እንቁላል፣ የፍራፍሬ ዓይነት ሞልቷል። አማቴ የቋጠረችልን ዳቦ ቆሎና በሶ ግን ለዝናብ ቀን የሚሆን ስንቅ ነበር። ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ይሁን፤ ዳቦ ቆሎ በዚያ አየር ከተከፈተ በማግሥቱ ይለሰልሳል።

ሆቴል ስትይዙ አንድ ጥያቄ አትርሱ። በሚያዝያና በግንቦት ብዙ ሆቴሎች ለእድሳት ይዘጋሉ፤ ክፍት የሆኑትም ምግብ ቤታቸውን ወይም ገንዳቸውን የሚዘጉ አሉ። «ክፍት ናችሁ?» ብቻ አትበሉ። «በዚያ ሳምንት ወጥ ቤቱ ይሠራል? ጄነሬተር አለ? አልጋው አጎበር አለው?» በሉ። ትንኝ በዝናብ ይበዛል። አጎበር ውስጥ መተኛት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ ግን ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ቪዛውን በኦንላይን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ትኬቱን ከዚያ በኋላ ቁረጡ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ግዴታ ነው። የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለሠርጉ ሳምንት አታቆዩት፤ አንዴ ከወሰዳችሁ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ሰው የራሷን የደሴቲቱን የጉዞ መድን መግዛት አለበት፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ለምንዛሪው ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዛችሁ ባንካችሁን በጊዜ አነጋግሩ። ሶኬታቸው ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ነው፤ የእኛ ክብ ጥርስ አይገባበትም፤ አዳፕተር ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ግዙ።

ፌስታል አትያዙ! እኛ ጫማውንም፣ ቅቤውንም፣ የረጠበውንም ልብስ በፌስታል ነው የምንጠቀልለው። ታንዛኒያ ግን ከሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፤ አየር ማረፊያ ላይ ያስጥሏችኋል። ለሽቶና ለቅባት የሚሆነው ዚፕ ያለው ግልጽ ላስቲክ ይፈቀዳል። ለሌላው ከትርፍራፊ ጨርቅ የመቋጠሪያ ከረጢት አሰፉ። ሱቄ ለሚመጡት ከቀሚሳቸው ቁራጭ እየሰፋሁ እሰጣለሁ።

ቀኑን ሙሉ ለሚዘንብበት ጊዜ ስቶን ታውን አለላችሁ። መንገዱ ጠባብ፣ ፎቁ ረጅም ስለሆነ ከበር ወደ በር እየተጠለሉ ይኬዳል። የተቀረጹትን የእንጨት በሮች እዩ። በቀድሞው የባሪያ ገበያ ቦታ ላይ የተሠራውን የአንግሊካን ካቴድራል ግቡበት፤ ረጋ ብሎ የሚታይ ቦታ ነው። ከዚያ ዳራጃኒ ገበያ ሂዱና ካንጋ እዩ። ካንጋ ስስ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ዙሪያው ጥለት፣ ከታች የስዋሂሊ አባባል ታትሞበታል። ጥንድ ሆኖ ነው የሚሸጠው፤ ሁለቱ ሳይቆረጡ ተያይዘው ስለሚመጡ አስቆርጣችሁ ጠርዙን ታሰፋላችሁ፤ ሰፊዎቹ እዚያው ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠዋል። አንዱን ለእናት፣ አንዱን ለአማት፣ ለሚዜዎችም ጭምር ብትገዙ አይከብድም፤ ቤት የቀረው ጋቢ ሻንጣው ውስጥ ይይዘው የነበረው ቦታ ይበቃዋል። ከካንጋ ቀሚስ ማሰፋት ያማራችሁ እንደሆነ ግን አዲሱን ጨርቅ እንዳለ ለሰፊ አትስጡ። ስታርች ስላለው ደረቅ ብሎ ሰፊ ይመስላል፤ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ በልክ የተሰፋውም ይጠባል። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ አስጡት፣ ከዚያ ይዛችሁ ኑ።